ከፍ ለተደረገ የመስክ መኪና አሞርዛተርንና መመከቻ ላስቲክን ስለ ማጣጣም

ለእርዳታ ማከፋፈያና ለሠፈራ ጣቢያዎች የትራንስፖርት ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር



እህል ወደብ መድረሱ ለተራበው ሰው ደረሰ ማለት እንዳልሆነ በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ በሚገባ ታይቷል። ከባዱ የጭነት መኪና ከሚቆምበት ወዲያ የተጎጂውን ቁጥር የሚያጠናውን፥ ክትባት የሚያደርሰውን፥ ሕመምተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያመጣውን ሠራተኛ የሚያጓጉዘው አነስተኛው የመስክ መኪና ነው። ይህ መኪና መንገድ ላይ ከቀረ የሚዘገየው ሥራው ብቻ ሳይሆን በሥራው የሚተርፈው ሰውም ጭምር ነው።

መስክ ላይ በብዛት የሚታየው ላንድ ክሩዘር ባለ 70 ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1984 መመረት ጀመረ። የዚህ መኪና ከባዱ ዓይነት እ.ኤ.አ. እስከ 1999 ድረስ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ላይ ይቆም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፊቱ በሞላ ተተካ። ጭነት ስለሚበዛበትና ጭቃው ጥልቅ ስለሆነ ብዙ ጣቢያዎች ጠንካራ ባሌስትራና ሞላ እያስገቡ መኪናውን 5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ያደርጉታል። በዚህ ጊዜ ከመሬት የሚርቁት ሻንሲውና ካቢናው መሆናቸውን እንገንዘብ፤ የዲፈረንሻሉ ሆድ ከፍ የሚለው በትልቅ ጎማ ብቻ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥርም መኪናው ለመገልበጥ ይቀርባል። ስለሆነም ከሚያስፈልገው በላይ ማንሳት አይገባም።

ጭነቱን የሚሸከሙት ባሌስትራውና ሞላው ናቸው። አሞርዛተሩ ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው በውስጡ ባለው ዘይት አማካይነት የእነርሱን ውዝዋዜ መግታት ነው። መመከቻ ላስቲኩ ደግሞ አክስሉ ወደ ላይ ሲወጣ ከሻንሲው ጋር እንዳይጋጭ፥ አሞርዛተሩም እስከ መጨረሻው ታጥፎ እንዳይመታ የሚያቆም ወሰን ነው። ሦስቱ አብረው የተለኩ በመሆናቸው አንዱን ለውጦ ሌሎቹን መተው ጉዳት ያስከትላል።

ጉዳቱ በሁለት መንገድ ይመጣል። መኪናው ከፍ ብሎ የፋብሪካው አሞርዛተር ከቀረ፥ አሞርዛተሩ ቀድሞውኑ ተዘርግቶ ስለሚቆም ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ይወጠራል፤ ውሎ አድሮም ዘንጉ ይነቀላል። ረጅም አሞርዛተር ተገዝቶ ላስቲኩ በነበረበት ከተተወ ደግሞ አሞርዛተሩ ከላስቲኩ ቀድሞ ታጥፎ ያልቃል። ያን ጊዜ የመኪናው ክብደት በሙሉ በቀጭኑ ዘንግና በማሰሪያው ላይ ይወድቃል፤ ዘይት ይፈስሳል፥ ማሰሪያው ከሻንሲው ይገነጠላል።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ እንጂ የአንድ የተወሰነ መኪና ልክ አይደሉም። ጭነቱን ይዞ ደልዳላ ቦታ በቆመ መኪና ላይ በላይኛውና በታችኛው የአሞርዛተር ማሰሪያ መካከል 46 ሴ.ሜ. አለ እንበል። ላስቲኩ ከአክስሉ 8 ሴ.ሜ. ይርቃል፤ ሲመታም 2 ሴ.ሜ. ይጨመቃል። አክስሉ እስከ መጨረሻው ሲወጣ በማሰሪያዎቹ መካከል 36 ሴ.ሜ. ይቀራል ማለት ነው። ሲታጠፍ 35፥ ሲዘረጋ 56 ሴ.ሜ. የሚሆነው የፋብሪካ አሞርዛተር 1 ሴ.ሜ. መጠባበቂያ ኖሮት በደኅና ይሠራል።

አሁን መኪናው በ5 ሴ.ሜ. ከፍ ሲል ርቀቱ 51 ሴ.ሜ. ይሆናል። አሮጌው አሞርዛተር ወደ ታች የነበረው የ10 ሴ.ሜ. መዘርጊያ ወደ 5 ይወርዳል። በምትኩ ሲታጠፍ 38.5፥ ሲዘረጋ 63 ሴ.ሜ. የሚሆን አሞርዛተር ብናስገባ የመዘርጊያው ርቀት 12 ሴ.ሜ. ይደርሳል። ነገር ግን ላስቲኩ አክስሉን እስከ 36 ሴ.ሜ. ድረስ ስለሚለቀው አሞርዛተሩ 2.5 ሴ.ሜ. ቀድሞ ይመታል። ላስቲኩን በ3.5 ሴ.ሜ. ዝቅ ብናደርገው የመጨረሻው ርቀት 39.5 ይሆንና 1 ሴ.ሜ. መጠባበቂያ እናገኛለን። ወደ ላይ የሚቀረው እንቅስቃሴም 11.5 ሴ.ሜ. ነው፤ ከቀድሞው 10 ይበልጣል። «ይበልጥ ይጠብቅ» ተብሎ ላስቲኩ በ8 ሴ.ሜ. ዝቅ ቢደረግ ግን የሚቀረው 7 ሴ.ሜ. ብቻ ነው፤ መኪናው በየድንጋዩ ላስቲኩን እየመታ ተሳፋሪውንና ጭነቱን ያንገላታል።

ከስሌቱ በኋላ በመኪናው ላይ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። አሞርዛተሩ አጋድሎ የታሰረ ከሆነ እንቅስቃሴው ከአክስሉ ያነሰ ነው። አሞርዛተሩ ከላስቲኩ ይልቅ ወደ ጎማው የቀረበ ከሆነ ደግሞ አንዱ ጎማ ብቻ ሲወጣ አክስሉ ላስቲኩን ተደግፎ ስለሚያጋድል አሞርዛተሩ የበለጠ ይታጠፋል። ስለዚህ አንዱን ጎማ በክሪክ አንስቶ ላስቲኩ በሚገባ ሲጨመቅ መለካት ያስፈልጋል። ቀጥሎም አክስሉ እስከ መጨረሻው ወርዶ ሲንጠለጠል የፍሬኑ ቱቦ አለመወጠሩና ካርዳኑ አለመታነቁ ይታይ።

ርዝመት ብቻውን አይበቃም። ጠንካራ ባሌስትራ ሲመለስ በኃይል ስለሚገፋ መልሱን የሚገታ አሞርዛተር ይሻል። መግቻው ደካማ ከሆነ መኪናው ይዋዥቃል፤ ከመጠን በላይ ከጠነከረም እንደ ቆርቆሮ በተሸነተረ ጠጠር መንገድ ላይ ባሌስትራው ለመመለስ ጊዜ ስለሚያጣ መኪናው እየዘቀጠ ይሄዳል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ለረጅም ሰዓት ሲነዳ ዘይቱ ይግላል፥ አረፋ ይይዛል፥ ኃይሉም ይደክማል። በናይትሮጂን ጋዝ የተሞላው ዓይነት አረፋውን ይቀንሳል።

ለግዥ ክፍል ኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ግልጽ ነው። ባሌስትራው በአንድ ሰነድ፥ አሞርዛተሩ በሌላ፥ ላስቲኩም ከናካቴው ሳይጠየቅ የሚቀርበት አሠራር ይቁም። በጥያቄው ላይ የመኪናው ሞዴልና ዓመተ ምሕረት፥ የዘወትር ጭነቱ፥ የከፍታው መጠን፥ አሞርዛተሩ ሲታጠፍና ሲዘረጋ የሚኖረው ርዝመት፥ የላስቲኩም ቁመት አብረው ይጻፉ። የጋራዥ ኃላፊውም ሳይለካ አይረከብ። ሜትርና ክሪክ በየጣቢያው አሉ፤ ልኬታውም ግማሽ ቀን አይፈጅም። መንገድ ላይ የተገነጠለ ማሰሪያ ግን ብየዳ እስኪገኝ ድረስ ቀናት ይወስዳል፤ ውኃና መድኃኒት የሚጠብቀው ሕዝብ ያን ያህል ጊዜ የለውም።