ስለ ኤች አይ ቪ በሐራ ለእድራችን አባላት የተደረገ ንግግር



እኛ ሐኪም አይደለንም። ጡረታ እስክንወጣ ድረስ መዝገብ ቤት ቁጭ ብለን ደብዳቤ ስንመዘግብ የኖርን ነን። ዛሬ እንድንናገር የታዘዝነው የእድሩን መዝገብ ስለምንይዝ ይመስለናል፤ መዝገቡም ብዙ ይናገራል። በ1990ዎቹ ገጾች ላይ የቀበርናቸው ወጣቶች ብዛት ያስደነግጣል። ያኔ «ረዥም ሕመም» ይባል ነበር እንጂ ስሙ አይጠራም።

አንድ ነገር እንናዘዝ። በዚያ ዘመን አንድ አባላችን ሲያርፍ ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ ሬሳውን የሚያጥብ ግን ጠፋ። በመጨረሻ ሽማግሌ አጎቱ ብቻቸውን አጠቡት። እኛም እዚያው በር ላይ ቆመን ነበር። ለካ ጓንት ይበቃ ኖሯል!

ይህ ቫይረስ በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት ወይም በትንኝ አይተላለፍም። የሚተላለፈው ያለ ኮንዶም በሚደረግ ግብረ ሥጋ፣ በተበከለ ደም፣ በጋራ መርፌና ምላጭ፣ እንዲሁም ከእናት ወደ ልጅ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ነው። ገብቶም የሰውነትን ዘበኛ፣ ነጭ የደም ሕዋሱን ይፈጃል። ዘበኛው ሲያልቅ የሳንባ ነቀርሳውም ሌላውም ሰተት ብሎ ይገባል። ኤድስ የሚባለው ይኸው ነው።

በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን፣ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሥሩ አይነቅልም፤ እንዳይራባ ግን ያስረዋል። በየቀኑ ሳያቋርጥ የወሰደና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ደርሶ በዚያው የጸና ሰው በግብረ ሥጋ አያስተላልፍም። ይኼን ስንሰማ እኛም አላመንን ነበር። ነፍሰ ጡርም በጊዜ ተመርምራ ከጀመረች ጤነኛ ልጅ ትወልዳለች።

ክፉው ማቋረጥ ነው፤ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወልዲያና አካባቢዋ ሲያዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈው መድኃኒት የተቋረጠባቸው ብዙ ናቸው። ያ ከአቅም በላይ ነበር። ሰው እንዳያየኝ ብሎ ቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያ ትቶ መርሳ ወይም ወልዲያ የሚሄድ፣ መሳፈሪያ ሲያጣ የሚቀር ወገን ግን የኛ ጥፋት ነው። እኛ ነን ያሸሸነው።

እድራችን ለቀብር ይከፍላል፤ ለሕመምተኛ መሳፈሪያ አይከፍልም። ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ይህን ነው፦ ከመዋጮው ጥቂት ተቀንሶ ለሕክምና መሳፈሪያ ይዋል፤ የሕመሙ ዓይነት አይጠየቅ፤ በመዝገቡም ላይ የገንዘቡ ልክ እንጂ የተቀባዩ ስም አይጻፍ። መዝገቡን የምንይዘው እኛ ነንና እንዴት እንደሚጻፍ አስበንበታል።