ሁለት ዝርዝሮች እኩል ናቸው የሚባሉት መቼ ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም ተደጋጋሚ ስም ያለባቸውን ሁለት ዝርዝሮች በኮምፒዩተር ስለ ማስተያየት ነው። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ፤ ዝርዝሩ የእህል ወይም የመኝታ ዕደላ የሆነ እንደ ሆነ፤ የሚጎድለው ስም ሳይሆን ሰው ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ለዕደላ የተመዘገቡት «አበበ፤ አበበ፤ ከበደ» ናቸው እንበል፤ ሁለቱ አበበዎች ሞክሼዎች ናቸው። የተቀበሉት ደግሞ «አበበ፤ ከበደ፤ ከበደ» ተብለው ተጽፈዋል። ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው ፈጥኖ የሚታሰበው፤ ሁለቱን ዝርዝሮች ወደ ስብስብ መለወጥ ነው። ነገር ግን በሒሳብ ትምህርት እንደምናውቀው ስብስብ ድግግሞሽን አይቆጥርም፤ ስለዚህ ሁለቱም «አበበ፤ ከበደ» ብቻ ሆነው ይቀሩና ማሽኑ «እኩል ናቸው» ብሎ ይፈርዳል። ብዛታቸውን እናመሳክር ብንልም ሁለቱም 3 ናቸውና ስሕተቱ አይገለጥም። በዚህ ዐይነት አንዱ አበበ ጦሙን ሲያድር፤ በከበደ ስም ግን ሁለት ድርሻ ወጥቷል።

ታዲያ ትክክለኛው መንገድ ምንድን ነው? አንደኛው፤ ሁለቱንም ዝርዝሮች በፊደል ተራ አሰልፎ ጎን ለጎን ማመሳከር ነው። ሁለተኛው፤ እያንዳንዱ ስም ስንት ጊዜ እንደ ተጻፈ ቆጥሮ ቁጥሮቹን ማስተያየት ነው፤ በፓይተን ቋንቋ «ካውንተር» የሚባለው መሣሪያ ይህንኑ ይሠራል። በኤስኪውኤልም ከመጀመሪያው ዝርዝር ሁለተኛውን በ«ኤክሴፕት» ብንቀንስ «ምንም አልተረፈም» ይለናል፤ በ«ኤክሴፕት ኦል» ብንቀንስ ግን አንድ አበበ መቅረቱን ያሳየናል።

ቆጠራ ድካምም ይቀንሳል። ዝርዝሮቹ እያንዳንዳቸው 10,000 ስም ቢይዙ፤ እያንዳንዱን ስም ከሌላው ዝርዝር ስም ሁሉ ጋር ማስተያየት 100,000,000 ንጽጽር ያደርሳል፤ ለመቁጠር ግን ሁለቱን ዝርዝሮች አንድ አንድ ጊዜ፤ ማለት 20,000 ስም ማንበብ ይበቃል።

ሆኖም ማሽኑ የማይፈታው ጥያቄ አለ። ሁለት ጊዜ የተጻፈው አበበ ሁለት ሰው ነው ወይስ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ነው? በአገራችን ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ስለ ሆነ ሞክሼ ብዙ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለእኛ አንድ ስም ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ሁለት ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ የራሱ መለያ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል፤ ያለዚህ የትኛውም ስሌት ፍርዱን ሊያቃና አይችልም።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፤ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ መዝገብ የሚሰጠን እኛ ነን። «ይህ ስም ተደግሟል» ብለን ከመሰረዛችን በፊት እንቁጠር፤ ቆጥረንም ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ።