የዲትሮይቱ አምበል

ውድ የስፖርት ሳይንስ ተመራቂዎች፣

ከእናንተ መካከል ነገ ቡድን የሚያሠለጥን፣ ክለብ የሚመራ፣ የተጎዳ ተጫዋች የሚያክም ይወጣል። የትኛውም መንገድ ቢወስዳችሁ አንድ ጥያቄ ከፊታችሁ ይደቀናል፤ አምበሉ ማን ይሁን? ለዚህ ጥያቄ ዛሬ የሚቀርበው ምሳሌ ከእግር ኳስም ከሩጫም አልመጣም። የመጣው ከአሜሪካዋ የመኪና ከተማ ከዲትሮይት፣ ከበረዶ ሆኪ ነው። ጨዋታውን አይቶ ለማያውቅ የገናን ጨዋታ ማሰብ ይበቃዋል። ቆልማማው ዱላ ያው ነው፤ ሩሯ ጠፍጣፋ የጎማ ክብ ትሆናለች፤ ሜዳው በረዶ ነው፤ ተጫዋቹ ስለት ባለው ጫማ ይንሸራተታል፤ አምበሉ ደግሞ ደረቱ ላይ “ሲ” የምትል ፊደል ያሰፋል። ግፊያውም እንደ ገና ነው፤ ጌታ ነው ሎሌ ነው ተብሎ የሚታለፍ የለም።

ስቲቭ አይዘርማን ያቺን ፊደል ከ1986 እስከ 2006 ለብሷታል (በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሰሜን አሜሪካ ትልልቅ የስፖርት ሊጎች አንድን ቡድን ይህን ያህል ዘመን በአምበልነት የመራ ሌላ ተጫዋች የለም። ጁላይ 3 ቀን 2006 ጫማውን ሲሰቅል መዝገቡ 1,514 ጨዋታ፣ 692 ጎል፣ እንዲሁም ጎልና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ 1,755 ነጥብ ይላል። ሁሉንም ያገኘው በአንድ ማሊያ፣ በዲትሮይት ሬድ ዊንግስ ነው።

ነገር ግን የዲትሮይት ደጋፊ ስለ እሱ ማውራት ሲጀምር ከቁጥሩ አይነሳም። የሚነሳው ከጉልበቱ ነው።

ወደ ጉልበቱ ከመድረሳችን በፊት ግን አጀማመሩን ማየት ያስፈልጋል፤ ሲጀመር ነገሩ እምብዛም የሚያኮራ አልነበረምና። በ1983ቱ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ የክለቡ ሰዎች ልባቸው ያረፈው እዚያው ሚሺጋን ባደገው በፓት ላፎንቴይን ላይ ነበር። ኒው ዮርክ አይላንደርስ ቀድሞ በ3ኛነት ወሰደባቸው። 4ኛው ተራ የእነሱ ነበርና የ18 ዓመቱን ካናዳዊ አይዘርማንን መረጡ። ቡድኑ ያኔ የከተማው መሳለቂያ ነው። ባለቤቱ የፒዛ ነጋዴው ማይክ ኢሊች ክለቡን የገዛው ከዓመት በፊት ሲሆን፣ ወንበር ለመሙላት ለተመልካች መኪና በዕጣ ይሰጥ ነበር። እንዲያም ሆኖ በ1985/86 የውድድር ዘመን ከ80 ጨዋታ ያሸነፉት 17 ብቻ ነው። በተከታዩ መኸር አዲሱ አሠልጣኝ ጃክ ዴመርስ አምበልነቱን ለዚያ ዝምተኛ የ21 ዓመት ወጣት ሰጠው። በክለቡ ታሪክ በዚያ ዕድሜ አምበል የሆነ አልነበረም።

ልጁ ጎል ማግባቱን ያውቅበታል። በ1988/89 65 ጎል አግብቶ 90 አቀበለ፤ 155 ነጥብ። ከዌይን ግሬትዝኪና ከማሪዮ ለሚዩ በቀር በአንድ የውድድር ዘመን ከዚያ በላይ ያገኘ እስከ ዛሬ የለም። ሆኖም ዋንጫ አልመጣም። የጥሎ ማለፉ ጊዜ ሲደርስ ቡድኑ ይወድቃል፤ በ1994 በመጀመሪያው ዙር በሳን ሆዜ ተሸንፎ ሲወጣ “ይህ ሰው ጎበዝ ነው፣ ዋንጫ ግን አያመጣም” የሚለው ወሬ ጠነከረ።

ተመራቂዎች፣ የሙያችሁ ቁም ነገር የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። በ1993 የመጣው አሠልጣኝ ስኮቲ ቦውማን ከአይዘርማን የፈለገው ተጨማሪ ጎል አልነበረም። ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲከላከል፣ በራሱ ጎል ፊት ሰውነቱን ለጎማዋ እንዲሰጥ፣ ያጣትን ጎማ አሳድዶ እንዲያስመልስ ፈለገ። በሊጉ ከሁለት ሰዎች በቀር የሚስተካከለው ያልነበረን አጥቂ “አጥቂነትህን ቀንስ” ማለት ቀላል አይደለም፤ ብዙ ኮከብ በዚህ ምክንያት ክለብ ቀይሯል። በ1995 እሱም ወደ ኦታዋ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ተናፈሰ። የዚያ ዓመት ውድድር በቡድኑ ሜዳ በጆ ሉዊስ አሬና ሲከፈት ሕዝቡ መልሱን በአደባባይ ሰጠ፤ የቦውማን ስም ሲጠራ ጮኸበት፣ የአይዘርማን ሲጠራ ከመቀመጫው ተነስቶ ማጨብጨቡን አልተው አለ።

አይዘርማን ያን ጭብጨባ ተገን አድርጎ አሠልጣኙን ሊያስባርር ይችል ነበር። እሱ ግን የታዘዘውን ሠራ። በ1992/93 137 የነበረው ነጥቡ በ1997/98 69 ሆነ። ቡድኑ ግን በዚያው ጊዜ ከፍ አለ። በ1996 ጥሎ ማለፍ በሴንት ሉዊስ ላይ፣ አሸናፊው በሚለይበት በ7ኛው ጨዋታ፣ ባዶ ለባዶ ሆኖ ሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት በተጀመረ በ1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ከሩቅ መትቶ ያገባት ጎል ዛሬም ድረስ በየቡና ቤቱ ትነሳለች። (በዚያ ዓመት ዋንጫውን የወሰደው ኮሎራዶ መሆኑን ግን ተራኪዎቿ ብዙ ጊዜ ይዘሉታል።) ጁን 7 ቀን 1997 ዲትሮይት በፍጻሜው ፊላዴልፊያን በ4 ተከታታይ ጨዋታዎች አሸንፎ፣ ከ42 ዓመት በኋላ የሊጉን ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን አነሳ።

ደስታው የቆየው 6 ቀን ነው። ተጫዋቾቹ ጠጥተው ላለማሽከርከር ሲሉ የተከራዩት ሊሞዚን፣ ሾፌሩ እንቅልፍ ጥሎት ከዛፍ ጋር ተጋጨ። ሩሲያዊው ተከላካይ ቭላድሚር ኮንስታንቲኖቭና የቡድኑ ማሳጅ ባለሙያ ሰርጌይ ምናትሳካኖቭ ጭንቅላታቸው ክፉኛ ተጎዳ። ኮንስታንቲኖቭ ዳግመኛ አልተጫወተም። ጓደኞቹ የሁለቱን የስም ፊደላት ማሊያቸው ላይ ሰፍተው አንድ ሙሉ ዓመት ተጫወቱ፤ ጁን 16 ቀን 1998 ዋሽንግተን ላይ ዋንጫውን እንደገና አነሱ።

የሆኪ ልማድ እንዲህ ነው። የሊጉ ኃላፊ ዋንጫውን ለአምበሉ ይሰጣል፤ አምበሉ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዞራል፤ ከዚያ ቀጥሎ ማን እንደሚይዘው የሚመርጠው እሱ ራሱ ነው። ተጫዋቾች ሁለተኛ ሆኖ ዋንጫውን መቀበልን ዕድሜ ልካቸውን ያስታውሱታል። በዚያች ምሽት ኮንስታንቲኖቭ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ በረዶው ገብቶ ነበር። አይዘርማን ዋንጫውን ይዞ ሄደና ጭኑ ላይ አስቀመጠለት። ከዚያ ሁሉም ከብበው ወንበሩን እየገፉ በበረዶው ላይ አዞሩት። በዚያው ዓመት አይዘርማን በ22 የጥሎ ማለፍ ጨዋታ 24 ነጥብ አግኝቶ የጥሎ ማለፉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሟል፤ ስለ ሽልማቱ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ጉልበቱ። በ2002 የቀኝ ጉልበቱ አልቆ ነበር። ከመደበኛው ውድድር 30 ጨዋታ ቢያመልጠውም በሶልት ሌክ ኦሎምፒክ ከካናዳ ጋር ወርቅ ወሰደ፣ ከዚያም ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ። ዲትሮይት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች በሜዳው በቫንኩቨር ተሸነፈ። አምበሉ መናገር የማይወድ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን መልበሻ ክፍል ውስጥ ተናገረ። ቡድኑ ቀጥሎ 4 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። በረዶው ላይ በወደቀ ቁጥር ዱላውን እንደ ምርኩዝ ተክሎ፣ በአንድ እግሩ ተደግፎ ሲነሳ ያየ ደጋፊ ያን አይረሳም። በ23 ጨዋታ 23 ነጥብ አገኘ፤ ዋንጫው ለ3ኛ ጊዜ መጣ። በኦገስት ሐኪሞች የጉልበቱን አጥንት ቆርጠው አቅጣጫውን አስተካከሉት። ይህ ቀዶ ሕክምና ብዙውን ጊዜ የሚደረገው በደህና መራመድ ለሚፈልግ ሰው ነው፤ እሱ በፌብሩዋሪ 2003 ወደ ውድድር ተመለሰ። በ2004 ደግሞ ጎማዋ ግራ ዓይኑን መታችው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፊቱን በመከለያ ሸፍኖ እንደገና ተጫወተ።

የሕክምና ባለሙያ የምትሆኑት እዚህ ላይ ግንባራችሁን ብትቋጥሩ ትክክል ናችሁ። ይህ ተናጋሪም ያን ጉልበት እንደ አርአያ አያቀርበውም፤ ጉዳትን ችሎ መጫወት ሁሉ ጀግንነት አይደለም፣ ወጣት ተጫዋች ላይ ሲሆን ደግሞ የአሠልጣኙ ጥፋት ነው። ዋንጫዎቹም የአንድ ሰው አልነበሩም፤ የቡድን ጓደኞቹ ኒክላስ ሊድስትሮምና ሰርጌይ ፌዶሮቭ፣ የቦውማን ጭንቅላትና የኢሊች ገንዘብ ባይኖሩ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። አምበሉን ከእነዚህ ሁሉ የለየው ወደ ኋላ ተመልሶ መከላከሉን መቀበሉ ነው። በተከላካይነት የላቀ አጥቂ የሚሸለመውን የሴልኪ ሽልማት በ2000 የወሰደው ያው ባለ 155 ነጥቡ ሰው ነው።

ጃንዋሪ 2 ቀን 2007 የ19 ቁጥር ማሊያው በጆ ሉዊስ አሬና ጣሪያ ላይ ተሰቀለ፤ ከእንግዲህ በክለቡ ያን ቁጥር ማንም አይለብስም። ክለቡ የሌሎች ታላላቆቹን ቁጥሮች ከዚያ በፊት ሰቅሏል። በአይዘርማን ጨርቅ ጥግ ላይ ግን “ሲ” የምትለዋ ፊደል ተጨመረች። ያቺ ፊደል የቆመችው ለጎል አይደለም፤ ለ20 ዓመት ሥራ ነው። ማሊያው ላይ ያለችውን ፊደል የተረከበው ሊድስትሮም በ2008 ዋንጫውን ሲያነሳ፣ አውሮፓ ተወልዶ እዚያው የሠለጠነ የመጀመሪያው ዋንጫ አንሺ አምበል ሆነ። አይዘርማን በ2019 በዋና ሥራ አስኪያጅነት ወደ ዲትሮይት ተመልሷል።

ውድ ተመራቂዎች፣ ነገ ቡድን ተረክባችሁ አምበል ስትመርጡ የጎል ሰንጠረዡን ለጊዜው አጥፉት። ልምምድ ሜዳ ሂዱና ኳሷ ስትጠፋ መጀመሪያ ወደ ኋላ የሚሮጠው ማን እንደሆነ እዩ፤ የአምበሉን ጨርቅ እሱ ክንድ ላይ እሰሩለት።