የአሮጌ ጉዚ ሞተር መልሶ መገጣጠምና የእሳቱን ሰዓት ለአራዳ ከፍታ ማስተካከል



በፒያሳ ጋራዥ በር ቆሞ የሥራ ንግግር ያዳመጠ ሰው፣ ከሚሰማው ውስጥ ብዙው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ መሆኑን ሳያስተውል አይቀርም። ካንዴላ፣ ፋሻ፣ ቢዬላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ። የሰፈሩ ስም ራሱ በዚያው መንገድ የመጣ ነው። አራዳ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የገበያ ስፍራ ሆና ስትኖር፣ ጠላት አዲስ አበባን ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ በያዘበት ዘመን ፒያሳ የሚለው ስም ተጨመረባት። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ ዋና ከተማቸው ሲመለሱ የጠላት አገዛዝ በከተማዋ አብቅቶ ነበር፤ መኪናውና ሞተር ብስክሌቱ፣ ከመካኒኮቹም ጥቂቶቹ ግን በአገሩ ቀሩ። ከነዚህ ሰዎች ጎን ቆሞ ኪያቤ ያቀበለ ልጅ ዐይቶ ተማረ፤ እሱም በተራው ሌላውን አስተማረ።

እንዲህ ያለው ትምህርት በእጅና በጆሮ የሚሄድ ነው። ችግሩም ከዚሁ ይነሣል። ስሙ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቁጥሩ በመንገድ ቀርቷል። ፑንቲና ምን እንደሆነ የማያውቅ የፒያሳ መካኒክ የለም፤ የአንድ አሮጌ ሞተር ፑንቲና ፒስቶኑ የት ሲደርስ መከፈት እንዳለበት ግን በወረቀት የተጻፈ ነገር የሚያገኘው ከስንት አንዱ ነው። ይህ ንግግር የሚመለከተው ይህንኑ ጉድለት ሲሆን፣ ለማስረጃነት የተመረጠው የሞቶ ጉዚ 500 ሞተር ነው።

ጉዚ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 በኮሞ ሐይቅ ዳር፣ በማንዴሎ ዴል ላርዮ የተቋቋመ ፋብሪካ ነው። ለኢጣልያ ጦር ያቀረባቸው ጂ ቲ 17 እና አልቼ የተባሉት ሞተር ብስክሌቶች፣ የመጀመሪያው ከ1932 እስከ 1939፣ ሁለተኛው ከ1939 ጀምሮ የተሠሩ ናቸው። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። ሲሊንደሩም ወደ ፊት ተጋድሞ የተኛ ነው፤ ስፋቱ 88፣ የፒስቶኑ ጉዞ 82 ሚሊሜትር፣ ይዘቱም ከ500 ሲሲ በጥቂት ያነሰ ነው። ከሌላው ሞተር የሚለይበት አንድ ነገር፣ መሳቢያው ቫልቮላ በጎን፣ ማስወጫው ቫልቮላ ደግሞ በቴስታታው ላይ መሆኑ ነው። በዚህ አሠራር ትኩሱ ቫልቮላ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ላይ ይቀመጣል። ጉልበቱ 13 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው፤ ለዛሬ ሰው ጥቂት ቢመስልም ወታደርና ጓዙን ተሸክሞ በጠጠር መንገድ ለመሄድ ታስቦ የተሠራ ነው።

እንዲህ ያለ ሞተር ወደ መካኒኩ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በሳጥንና በጣሳ ተከፋፍሎ ነው። ማጠቡ፣ ኩሽኔታውን መመርመሩ፣ ቢዬላው መላወስ አለመላወሱን በእጅ መፈተኑ ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ እዚህ አይዘረዘርም። ፋሻው ወደ ሲሊንደሩ ብቻውን ገብቶ ጫፍና ጫፉ ሲለካ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ክፍተቱ ከጠበበ ፋሻው ሲሞቅ ጫፎቹ ይጋጠሙና ሲሊንደሩን ይቧጥጣሉ።

ከዚህ በኋላ ጥርስን ከጥርስ የማገናኘቱ ሥራ ይመጣል። ባለ አራት ምት ሞተር እንደመሆኑ ካሙ አንድ ጊዜ ሲዞር ኮሎው ሁለት ጊዜ ይዞራል። የካሙ ጥርስ 40 ቢሆን አንድ ጥርስ መሳት በካሙ ላይ 9 ዲግሪ፣ በኮሎው ላይ ደግሞ 18 ዲግሪ ስሕተት ነው። ሞተሩ በዚህ ስሕተት ሊነሣ ይችላል፤ ሽቅብ ግን አይወጣም። ባለቤቱም ካርቡራቶሩን ይረግማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። እሳቱን ለማስተካከል አስቀድሞ ሙት ነጥቡን፣ ማለትም ፒስቶኑ ወደ ቴስታታው ቀርቦ የሚቆምበትን ቦታ ማግኘት ያስፈልጋል። የተለመደው ዘዴ በካንዴላው ቀዳዳ ሽቦ ወይም ብዕር አስገብቶ መቆሙን በዐይን መመልከት ነው። ዘዴው የማያስተማምን መሆኑን ሒሳቡ ያሳያል። የቢዬላው ርዝመት የኮሎው ክንድ አራት እጥፍ ያህል ነው ብንል፣ ኮሎው ከሙት ነጥቡ 5 ዲግሪ ሲርቅ ፒስቶኑ የሚንቀሳቀሰው 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይህን በብዕር የሚያይ ዐይን የለም። ስለዚህ ወዲህ 5፣ ወዲያ 5፣ በጠቅላላው 10 ዲግሪ ያህል ቦታ ሁሉ ለተመልካቹ ሙት ነጥብ ይመስለዋል።

የሚያስተማምነው ዘዴ ፒስቶኑን ከሙት ነጥቡ አስቀድሞ ማቆም ነው። ከአሮጌ ካንዴላ ሸክላው ወጥቶ በምትኩ ጫፉ የተድበለበለ ቡሎን ይታሰርበታል፤ ይህ መቆሚያ ወደ ቀዳዳው ይገባል። ቮላኖው በእጅ፣ በዝግታ፣ ፒስቶኑ መቆሚያውን እስኪነካ ይዞራል፤ በቮላኖው ጠርዝ ላይም ከቋሚ ምልክት አንጻር ጭረት ይደረጋል። ከዚያ በተቃራኒው አቅጣጫ ዞሮ እንደገና እስኪነካ ድረስ ሄዶ ሁለተኛ ጭረት ይደረጋል። የሁለቱ ጭረቶች እኩሌታ ሙት ነጥቡ ነው። የጉዚ ቮላኖ ትልቅና ከሞተሩ ውጭ የሚዞር መሆኑ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ዲያሜትሩ 280 ሚሊሜትር ሲሆን አንድ ዲግሪ በጠርዙ ላይ 2.4 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህንን የልብስ ሰፊ ሜትር እንኳ ይለካዋል።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዱ መጽሐፍ የእሳቱን መቅደም በዲግሪ፣ ሌላው በፒስቶን ጉዞ፣ ሦስተኛው በቮላኖ ጠርዝ ርቀት ይጽፈዋል። ለምሳሌ 30 ዲግሪ በፒስቶኑ 6.8 ሚሊሜትር፣ በተባለው ቮላኖ ጠርዝ 73 ሚሊሜትር ነው። ኢትዮጵያዊ በጧቱ አንድ ሰዓት የሚለውን አውሮፓዊ ሰባት ሰዓት ይለዋል፤ ፀሐይዋ ግን ያችው ናት። ቁጥር የሰማ መካኒክ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከየት ተነሥቶ በምን እንደተለካ ነው።

ሌላው የጉዚ አስቸጋሪ ጠባይ የመዞሪያው አቅጣጫ ነው። ኮሎው ጉልበቱን ወደ ፍሪሲዮን የሚያስተላልፈው በሰንሰለት ሳይሆን በጥርስ ስለሆነ፣ ኮሎው ከጎማዎቹ ተቃራኒ ወደ ኋላ ይዞራል። ይህ የፋብሪካው ስሕተት አይደለም፤ በተጋደመው ሲሊንደር ውስጥ ኮሎው የሚረጨው ዘይት ወደ ላይኛው ግድግዳ እንዲደርስ ይረዳል። ነገር ግን በሌላ ሞተር የለመደ ሰው ቮላኖውን ወደ ፊት አዙሮ 30 ዲግሪ ‹‹ቀደም›› ሲል፣ በእውነቱ 30 ዲግሪ አዘግይቷል። ሞተሩም ወይ አይነሣም፣ ወይ ተነሥቶ ማርሚታው እንደ ከሰል ምድጃ ይቀላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማርሽ አስገብቶ የኋላውን ጎማ በእጅ ወደ ፊት ማዞርና ቮላኖው ወዴት እንደሚሄድ አይቶ በኖራ ቀስት መሳል።

የማኜቶው ተራ ሲደርስ ሦስት ነገር መጠበቅ ይገባል። ማኜቶው የሚዞረው በኮሎው እኩሌታ ፍጥነት ስለሆነ፣ በእሱ ላይ አንድ ዲግሪ መሳት በኮሎው ላይ ሁለት ነው። በመሪው ላይ ያለው የአንቲቺፖ መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ቀደመው ወገን መከፈት አለበት፤ ተዘግቶ ሳለ በሙሉው ቁጥር የተስተካከለ ሞተር፣ ነጂው መቆጣጠሪያውን በከፈተው ጊዜ እሳቱ ከመጠን በላይ ይቀድማል፣ ፒስቶኑም ይጎዳል። ሲነሣ የነጂውን እግር መልሶ የሚመታው መርገጫም ብዙ ጊዜ የዚህ ውጤት ነው። ሦስተኛው፣ የማኜቶው ጥርስ በሾጣጣ ዘንግ ላይ የተቀመጠ ሲሆን ዳዶው ሲጠብቅ ጥቂት ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ከጠበቀ በኋላ እንደገና መለካት ግድ ነው። ፑንቲናው የሚከፈትበትን ቅጽበት ለማወቅ የሲጋራ ወረቀት በመካከሉ ይያዛል፤ ወረቀቱ በቀላል ስበት ሲለቅ ፑንቲናው ተከፍቷል። ከብዙ ዘመናዊ መሣሪያ ይልቅ ይህ የድሮ ሰዎች ዘዴ የሚመሰገን ነው።

እዚህ ድረስ የተባለው በማንዴሎም ሆነ በፒያሳ አንድ ነው። ከዚህ በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል። ማንዴሎ ከባሕር ጠለል በላይ 200 ሜትር ያህል ሲሆን አራዳ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለሆነም 13 የፈረስ ጉልበት የነበረው ወደ 10 ይወርዳል፤ ይህን የትኛውም መካኒክ መልሶ አያመጣውም። ነገር ግን በመካኒኩ እጅ ያለ ሁለት ነገር አለ። ካርቡራቶሩ ለወፍራም አየር የተበጀ በመሆኑ ቤንዚን ያበዛል፤ ጂግለሩ በአነስተኛ መለወጥ አለበት። በሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው የሳሳ አየርም በዝግታ ስለሚቃጠል እሳቱ ከፋብሪካው ቁጥር በጥቂት ዲግሪ መቅደም ይፈልጋል። ጭመቃው ከ5 ለ1 በታች በመሆኑ በዛሬ ቤንዚን ጥቂት ማስቀደም ሞተሩን አያስፈራውም።

ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥ። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ራሱ በዝግታ ስለሚቃጠል፣ ጂግለሩ ሳይስተካከል እሳቱን ያስቀደመ ሰው አንዱን ስሕተት በሌላው ሸፍኗል። መጀመሪያ ካንዴላው ይታይ፤ ጥላሸት ከሆነ ጂግለሩ ይነስ፣ እንደ ተለፋ ቆዳ ቡኒ ሲሆን ወደ እሳቱ ይኬድ። መፈተኛውም በደጅ አለ፤ ከለገሃር ተነሥቶ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣው የቸርችል ጎዳና ነው። በማለዳ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ሞተሩ በሚገባ ሞቆ ሽቅቡን ሲይዝ ነጂው መቆጣጠሪያውን ጥቂት ወደ ኋላ ይሳበው። ጉልበቱ ወዲያው ከቀነሰ እሳቱ አልበዛም፤ በአንጻሩ ሞተሩ ከተሻለው ወይም መንኳኳቱን ከተወ ከልክ በላይ ቀድሟል ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ነዋሪዎቹና ነጋዴዎቹ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሄደዋል። ጎረቤት ለጎረቤት እየተጠያየቀ ሲሠራ የነበረው ሥራ ጎረቤቱ ሲበተን ምን እንደሚሆን የዚህ ማኅበር አባላት ይገምቱታል። መሐንዲሱ ሊረዳ የሚችለው መካኒኩ የሚያውቀውን መልሶ በማስተማር አይደለም፤ የሚለካውን አብሮት በመለካት ነው። የቮላኖው ዲያሜትር፣ የቢዬላው ርዝመት፣ የካሙና የማኜቶው ጥርስ ብዛት፣ የገባው ጂግለር፣ ሽቅቡን በደህና የወጣበት ዲግሪ፤ ይህ ሁሉ ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

በቮላኖው ጠርዝ ላይም በቡሊኖ ሦስት ነጥብ ይመታ፤ አንዱ ለሙት ነጥብ፣ አንዱ ለፋብሪካው ቁጥር፣ ሦስተኛው ቸርችል ጎዳና ላይ ለተገኘው። ሦስተኛው ነጥብ ከሁለተኛው የሚርቀው በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው፤ ከጎኑም አንድ ‹‹አ›› ፊደል ትቀረጽበት።