የሟች አባል ዕጣ መዝገብ ላይ አይቅር
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




እንደሚታወቀው አንድ ገበሬ ማኅበር ሲገባ ዕጣ ይገዛል፤ ምርቱን ያስረክባል፤ ዓመቱ ሲዘጋም ከትርፉ ድርሻውን ያገኛል። አባሉ ሲሞት ዕጣው አብሮት አይሞትም። ያልወሰደው የትርፍ ክፍፍልና ያስረከበው እህል ቀሪ ሒሳብም እንዲሁ ነው። ለቅሶው ካለፈና ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ቤተሰቡ በሬውንና የቤቱን ዕቃ ይቆጥራል፤ የማኅበሩ ደረሰኝ ግን ብዙ ጊዜ ከሣጥን ሥር ተረስቶ ይቀራል። ገንዘቡም በሟች ስም ተቀምጦ ባለቤት ያጣል።

በመጀመሪያ ባለመብቱ ማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 842 እንደሚለው፣ ኑዛዜ ከሌለ ቀዳሚ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ ሴት ወንድ ሳይባል እኩል ይካፈላሉ። ሚስት በኑዛዜ ካልተጠራች ወራሽ አይደለችም። ሆኖም በጋብቻ ዘመን የተፈራው ሀብት የጋራ ስለሆነ ግማሹ ከውርሱ በፊት የእርሷ ነው። ለምሳሌ አንድ አባል በትዳር ሳሉ የ1,000 ብር ዕጣ ገዝተው፣ ዕዳ ሳይኖርባቸው 4 ልጆች ትተው ቢሞቱ፣ 500 ብሩ የባለቤታቸው ነው። የቀረው 500 ብር ሲካፈል ለእያንዳንዱ ልጅ 125 ብር ይደርሳል። “ታላቅ ወንድም ይውሰደው” ብሎ መዝጋት የእናትንም የእህቶችንም መብት መንጠቅ ነው።

ቀጥሎ የሚሠራው ሥራ ቅደም ተከተል አለው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ ቀበሌ ይመዘገባል። ከዚያ ወራሾች በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 996 መሠረት ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያወጣሉ። ማስረጃውን ለማኅበሩ ሲያቀርቡ ዕጣው ይተላለፍላቸዋል ወይም ዋጋው ይከፈላቸዋል፤ ይህም እንደ መተዳደሪያ ደንቡ ይፈጸማል። የእርሻ መሬት ግን በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ስለሚታይ ከዚህ ጋር መደባለቅ የለበትም።

ጊዜም ይገድባል። ውርሱን ሌላ ሰው ይዞት ከሆነ፣ ወራሹ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ መክሰስ እንዳለበት ቁጥር 1000 ይደነግጋል።

ወራሾች ከተስማሙ ጉዳዩ ቀላል ነው። ክርክር ከተነሣ፣ አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆች ካሉ ወይም ወራሹ ዓረብ አገር ከሆነ ግን የሕግ ባለሙያ ማማከር ይገባል። ውጭ ያለ ወራሽ በኢትዮጵያ ቆንስላ በኩል ውክልና መላክ ይችላል። ጠበቃ ሲያዝ የጥብቅና ፈቃዱን ማየት፣ ክፍያውን በጽሑፍ መዋዋልና ዋናውን ሰነድ ያለ ቅጂ አለመስጠት ያስፈልጋል። አቅም ለሌለው በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ። “የአባትህን ገንዘብ አውቃለሁ፤ ግማሹን ስጠኝ” ለሚል ደላላ ግን መፈረም አይገባም። የማኅበሩ መዝገብ የሚነግረውን ለማወቅ ለደላላ አይከፈልም።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ማኅበራትም የሚጠበቅባቸው አለ። እያንዳንዱ አባል ቢሞት የሚጠራውን የቅርብ ዘመድ ስም በአባልነት ቅጹ ላይ ያስመዝግብ። ይህ ኑዛዜን አይተካም፤ ኮሚቴው ማንን እንደሚጠራ ግን ያሳያል። የሒሳብ ሠራተኛውም በየዓመቱ ያልተከፈለ ሒሳብ ያላቸውን ሟቾች ዝርዝር ለጠቅላላ ጉባዔ ያቅርብ። ደላላ እንዳይሰበሰብ ስሙ ብቻ ይነበብ፤ የብሩ መጠን ለወራሽ ብቻ ይነገር።

ሟቹ በእርፍና በሞፈር ያፈሩት ገንዘብ ለልጆቻቸው ሲደርስ፣ ልጆቹም ነገ ማኅበሩን አምነው አባል ይሆናሉ።

እንኳን ለምሥረታ በዓሉ አደረሳችሁ!