የተሰበረውን ብሎን አትጣሉ!
(በሠፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በየቤታችን ጥግ አቧራ ለብሶ ስለ ተቀመጠው የእግር ስፌት መኪና ነው። ስንቱ ልጅ በዚህ መኪና ገቢ ተምሮ ለወግ ለማዕረግ እንደ በቃ ታውቃላችሁ። አሁን ግን «መለዋወጫው ጠፍቷል» እየተባለ ለቆራሌው በብረት ዋጋ ይሸጣል። እኔ በትርፍ ጊዜዬ እነዚህን መኪናዎች ስለምጠግን፣ ከመሸጣችሁ በፊት እስቲ አንዴ ስሙኝ።

ሲንገር በ1851 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመ ኩባንያ ነው። የጥንቶቹ መኪናዎቹ ዛሬ ባይሠሩም፣ ለብዙዎቹ የሚሆነው መርፌና ክብ ቦቢን አሁንም ይመረታል። እሱን ከገበያ መግዛት ነው።

በእጅ የሚሠራውስ? ቺንጋው ውፍረቱ ወደ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ድቡልቡል ቆዳ ነው፤ ቆዳ ሠሪ ያወጣዋል፣ ጫፍና ጫፉ በሽቦ ይያያዛል። በቦቢን መሙያው ላይ ያለው ጎማ ከደረቀ፣ ልኩ የሆነ የጎማ ቀለበት ይተካዋል።

ብሎን ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሲንገር ለብዙዎቹ ብሎኖች የራሱን ጥርስ ነው ያወጣው። ከሱቅ የተገዛው ብሎን መጀመሪያ የገባ ይመስላል፤ በካቻቢቴ ሲያስገድዱት ግን የመኪናውን የውስጥ ጥርስ ይበላዋል። ያኔ አንድ ብሎን የነበረው ችግር የመኪናው ሁሉ ችግር ይሆናል። ስለዚህ የተሰበረውን አትጣሉ፣ ልኩ እሱ ነው! ቶርኖ ቤት ውሰዱት፤ ባለሙያው ውፍረቱን በካሊፐር፣ ጥርሱን በጥርስ መለኪያ ለክቶ አምሳያውን ያወጣላችኋል። ጭራሽ ከጠፋም፣ ከሌላ ተመሳሳይ መኪና ላይ ፈትቶ ማስለካት ይቻላል።

ደግሞ አልዞር አለ ብላችሁ በመዶሻ አትምቱት። አካሉ ቀልጦ የተቀዳ ብረት ስለሆነ ይሰነጠቃል። ላምባ ጠብ አድርጋችሁ አሳድሩት፤ ቆሻሻው ሲለቅ ጠርጋችሁ የስፌት መኪና ዘይት ስጡት። ብዙውን ጊዜ «ሞተ» የተባለው የደረቀ ዘይት ይዞት ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ የወለቀችውን ብሎን ሁሉ በክብሪት ቀፎ አስቀምጡ። የማይድን መኪና ያለውም ለቆራሌው ከመስጠቱ በፊት ለእኛ ያሳየን፤ የሞተው ለታመመው መድኃኒት ይሆናልና። መማር የሚፈልግ ወጣት ካለም ሞረድና ትዕግሥት ይዞ ይምጣ፣ እናሳየዋለን።