ነባሩን የጭነት አከፋፋይ በአዲስ ስንተካ የሚሸጋገረው ምንድን ነው?

የዛሬው ርዕሴ በተለምዶ ሎድ ባላንሰር የምንለውን የኔትወርክ ጭነት አከፋፋይ ከነባሩ ወደ አዲሱ ማሸጋገርን ይመለከታል። ለማሳያነትም ፌስቡክን መርጫለሁ።

የኩባንያው የመጀመሪያ ትውልድ አከፋፋይ የተመሠረተው የሊኑክስ ከርነል አካል በሆነው አይ.ፒ.ቪ.ኤስ ላይ ነበር። ተተኪው ካትራን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ኮዱ ለሕዝብ ክፍት የተደረገው፣ ኤክስ.ዲ.ፒ እና ኢ.ቢ.ፒ.ኤፍ በተባሉ ቴክኖሎጂዎች ይሠራል። ፓኬቱ ረጅሙን የከርነል የኔትወርክ ሂደት ሳያልፍ፣ ከኔትወርክ ካርዱ እንደደረሰ ውሳኔ ያገኛል። የፍጥነቱ ምስጢር ይኸው ነው።

የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ በሽግግሩ ሰዓት በመካሄድ ላይ ያለው ግንኙነት ምን ይሆናል? ነባሩ አከፋፋይ አንድን የቲ.ሲ.ፒ ግንኙነት ለሦስተኛው ሰርቨር መስጠቱን በሠንጠረዡ መዝግቧል እንበል። ራውተሩ ፓኬቶችን ወደ አዲሱ አከፋፋይ ሲያዞር፣ አዲሱ ያ መዝገብ የለውም። ለአምስተኛው ሰርቨር ቢያስተላልፈው፣ ሰርቨሩ ግንኙነቱን ስለማያውቀው ያቋርጠዋል።

ለዚህ ሁለት መውጫዎች አሉ። የመጀመሪያው ውሳኔውን ከመዝገብ ይልቅ በስሌት ላይ መመሥረት ነው። ይሁንና ስሌቱ ሁሉ እኩል አይደለም። በቀሪ ስሌት ብናከፋፍል፣ ሰርቨሮቹ ከ4 ወደ 5 ሲያድጉ ከአምስት ግንኙነቶች አራቱ ሰርቨራቸውን ይቀይራሉ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመው ጥናት የገለጸው የማግሌቭ ስልት ግን ለውጡን ወደ አንድ አምስተኛ ግድም ያወርደዋል። ካትራንም የዚህኑ ስልት ዝርያ ይጠቀማል። ነባሩና አዲሱ አከፋፋይ አንድ ዓይነት የሃሽ ቀመር፣ የሠንጠረዥ መጠንና የሰርቨር ዝርዝር ካላቸው፣ ሳይነጋገሩ አንድ መልስ ይሰጣሉ። ነባሩ በተራ ወይም በግንኙነት ብዛት የሚያከፋፍል ከሆነ ግን ውሳኔውን ዳግም ማስላት አይቻልም።

ያኔ ሁለተኛው መውጫ ይቀራል፤ ለአዲሱ አዲስ አድራሻ ሰጥቶ፣ አዳዲስ ግንኙነቶችን በዲ.ኤን.ኤስ አማካይነት ቀስ በቀስ ወደዚያ መምራት። ነባሩ የጀመረውን እስኪጨርስ ይቆያል።

እስከ መቼ ይቆይ? ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድን ፋይል በፈጣን መስመር የሚልክ ሰው በሴኮንዶች ይጨርሳል። ያንኑ የመመረቂያ ጽሑፍ በቀርፋፋ መስመር የሚልክ ተማሪ ግን ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ ነባሩን በችኮላ ስናጠፋ የሚቋረጠው በአብዛኛው የደካማው መስመር ተጠቃሚ ነው። አማካይ የስኬት መጠን ይህን ይሸሽጋል፤ ፈጣኖቹ ብዙ ግንኙነት እየከፈቱና እየዘጉ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታልና። እንደ እኛ ባለ አገር ለሚሠራ መሐንዲስ ይህ የኅዳግ ማስታወሻ ሊሆን አይገባውም።

በመሆኑም የማስተላለፍ ፈተና ስታዘጋጁ፣ በሰኮንድ ስንት ፓኬት ተላለፈ ከማለታችሁ በፊት ረጅሙ ግንኙነት ተርፏልን ብላችሁ ጠይቁ። ነባሩን የማጥፊያውን ቀን የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ይሁን።